ከአልኮል ፋብሪካ አተላ ውኃና ሀብት ስለ ማውጣት

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ አገራችን ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተነግሯል። እኛ ግን ዛሬ ይዘን የቀረብነው አተላ ነው። ርእሱ በፕሮግራሙ ላይ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይተናል፤ አንቀየምም። ይሁን እንጂ ከንግግራችን መጨረሻ ስንደርስ ስለ ወንዝ፤ ስለ ነዳጅ፤ ስለ ማዳበሪያና ስለ መጠጥ ውኃ ስንነጋገር እንደ ቆየን ትረዱልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ትምህርት የገፋን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነው። ገና በአገር ቤት ተማሪዎች ሳለን ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር አንድ የአልኮል ፋብሪካ ለመጎብኘት ሄድን። ፋብሪካው ውስጥ ያለውን ሁሉ እያደነቅን ከተመለከትን በኋላ ከአጥሩ ውጭ ወጣንና ፍሳሹ የሚሄድበትን ቦይ ተከተልን። ፈሳሹ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፤ ገና ትኩስ፤ ሽታውም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነበር። ከቦዩ በታች አንዲት እናት ጥቂት ከብቶች ይዘው ቆመው አገኘናቸው። እኛን ባዩ ጊዜ፤ «ልጆቼ፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ንገሩኝ፤ ይህ ውኃ ለከብት ይሆናል?» ብለው ጠየቁን። ከሃያ የማናንስ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነበርን፤ ከመካከላችን አንድ ስንኳ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጣቸው አልቻለም። እርስ በርሳችን ተያየንና ወደ አውቶቡሳችን ተመለስን። ዛሬ የምንናገረው ያን ጊዜ ልንመልስ ያልቻልነውን ነው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። አረቄ የምታወጣ ሴት ብቅሉንና ጌሾውን ከእህሉ ጋር ደፍድፋ፤ ድፍድፉ ሲደርስ በእሳት ላይ ትጥደዋለች፤ እንፋሎቱም በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አረቄው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከጋኑ ውስጥ የሚቀረው አተላ ነው። ይህን አተላ የምትደፋ የለችም። ለላም፤ ለበሬና ለአህያ ይሰጣል። በአረቄ ሥራ በታወቀችው በአርሲ ነገሌ አተላው በሬ ማድለቢያ ሆኖ ከአረቄው ጎን ሌላ ገቢ ያመጣል። እንግዲህ እናቶቻችን ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም አልኮሉ ከወጣ በኋላ የቀረው ነገር ሌላ ዕቃ እንጂ ቆሻሻ አለመሆኑ ነው። ፋብሪካው ግን ይህን ሕግ ረሳ። የረሳበትም ምክንያት አለው፤ መጠኑ በዛ፤ ጥሬ ዕቃውም ተለወጠ።

የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እህል ሳይሆን ሞላሰስ ነው፤ ማለት ከሸንኮራ አገዳ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ። አገራችን ስኳር በፋብሪካ ማምረት የጀመረችው በ1954 በወንጂ ነው። ኋላም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ጋር የተያያዙ የአልኮል ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በ2008ም ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል በአዲስ አበባ ተጀመረ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ለሞላሰስ መጣያ ከመፈለግ ነዳጅ ማድረጉ ይሻላልና። ነገር ግን ከሞላሰስ አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ አተላ ይቀራል። አልኮሉ በመጽሔትና በሪፖርት ይጻፋል፤ ከአልኮሉ ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የሚሆነው አተላ ግን አይጻፍም።

ይህ አተላ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው መርዝ ስለ ሆነ ዓሣውን ይገድላል ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዓሣውን የሚገድለው ምግብ ስለ በዛበት ነው። በውኃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ያን ሁሉ ምግብ ሲበሉ በውኃው የተሟሟውን ኦክሲጅን ይፈጁታል። የሚፈጁት መጠን ሲለካ የከተማ ፍሳሽ በሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይጠይቃል፤ የሞላሰስ አተላ ግን ከ40,000 እስከ 50,000 ሚሊ ግራም ይጠይቃል። ንጹሕ የወንዝ ውኃ በሊትር የሚይዘው ኦክሲጅን 8 ወይም 9 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር አተላ ከ5,000 ሊትር የሚበልጥ የወንዝ ውኃ ኦክሲጅኑን ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። በቀን 45,000 ሊትር አልኮል የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ እንውሰድ። ለያንዳንዱ ሊትር 12 ሊትር አተላ ብንቆጥር በቀን 540 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሸክሙም 400,000 ያህል ሕዝብ ያለበት ከተማ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ ከሚለቀው ጋር ይስተካከላል። አንድ ፋብሪካ፤ አንድ ከተማ።

እንግዲህ ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት ያዙት?

ብራዚል በ1975 ፕሮአልኮል የተባለውን ታላቅ የአልኮል ፕሮግራም በጀመረች ጊዜ አተላው በሳኦ ፓውሎ ወንዞች ላይ መከራ አመጣ። በ1978 ወደ ወንዝ መልቀቅ በሕግ ተከለከለ። ባለ ፋብሪካዎቹም አተላውን በቦይና በቦቴ እያደረሱ የአገዳውን እርሻ ያጠጡበት ጀመር። ምክንያቱም አገዳው ከመሬት የወሰደው ፖታሲየም አብዛኛው የሚገኘው በአተላው ውስጥ ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም የፖታሽ ማዳበሪያ አለበት። እርሻው ተጠቀመ፤ የማዳበሪያ ወጪ ቀነሰ። ይሁን እንጂ አተላውን ወደ ሩቅ እርሻ ማድረስ ወጪ ስለ ሆነ ለፋብሪካው የቀረበው መሬት ከልክ በላይ ጠጣ፤ ጨዉም ወደ ከርሠ ምድር ውኃ መውረድ ጀመረ። ስለዚህ የሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር ለየእርሻው የሚሰጠው መጠን በአፈሩ ውስጥ ባለው ፖታሲየም ተለክቶ እንዲወሰን ደነገገ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማዳበሪያም ልክ ካለፈ ቆሻሻ ይሆናል።

ሕንድ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘች። እርሻዋ በትንንሽ ገበሬዎች የተከፋፈለ፤ ወንዞቿም በሕዝብ የተጨናነቁ ስለ ሆኑ መንግሥትና ኢንዱስትሪው በ2003 በተስማሙበት ቻርተር የሞላሰስ አልኮል ፋብሪካዎች ወደ ወንዝ አንድም ጠብታ አተላ እንዳይለቁ ግብ ተደረገ። ስለዚህ ጋዝ ማውጣት፤ ማትነን፤ በማጥለያ ማጣራት፤ የቀረውንም በምድጃ ማቃጠል ተለመደ። ከምድጃው አመድ የሚገኘው ፖታሽም በ2021 መንግሥት ድጎማ ከሚሰጣቸው ማዳበሪያዎች መዝገብ ገባ። ትናንት ገበሬው የሚከስበት ነገር ዛሬ ለገበሬው በከረጢት ይሸጣል።

አሁን ወደ ሥራው ዘዴ እንግባ። በቅደም ተከተል እንናገራለን፤ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ምሥጢሩ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አንደኛው ጋዙ ነው። በላም ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ዓይነት ተሕዋስያን አየር በሌለበት ጋን ውስጥ አተላውን ሲበሉ ሜቴን የተባለውን የሚነድ ጋዝ ይሰጣሉ። በሆላንድ አገር በዋኸኒንገን ጋትዜ ሌቲንጋና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ያወጡት ዘዴ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ በተሕዋስያኑ ዝቃጭ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ተሕዋስያኑ እንደ ትንንሽ ፍሬ ተጠቅልለው ከታች ስለሚቀሩ ከፍሳሹ ጋር አይወጡም፤ የሚያማስል መኪናም አያስፈልግም። ከአንድ ሜትር ኩብ አተላ በግምት 22 ሜትር ኩብ ሜቴን ይገኛል፤ ኃይሉም ከ22 ሊትር ናፍጣ ጋር ይስተካከላል። ቅድም በጠቀስነው ፋብሪካ ልክ ብናባዛው በቀን 12,000 ሊትር ያህል ናፍጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ነዳጅ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ብናይ እሪ እንል ነበር።

ጋዙ ግን ሥራውን አይጨርስም። የአተላው ጥቁረት የሚመጣው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲዋሐዱ ከሚፈጠረው ሜላኖይዲን ነው፤ ይህንም ውሕደት ፈረንሳዊው ማያር በ1912 ገልጦታል። የተቆላ ቡናን ቀለም የሚሰጠውም ይኸው ነው። ተሕዋስያኑ ሜላኖይዲንን አይወዱትም፤ ስለዚህ ከጋኑ የሚወጣው ውኃ እንደ ጠቆረ ነው። ፖታሲየሙም እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ማትነን ነው። እዚህ ላይ ኖርበርት ሪልዩ የተባለውን መሐንዲስ ማስታወስ ይገባል። በ1806 በኒው ኦርሊንስ ከነጭ አባትና ከአፍሪካ ዘር ከሆነች ነጻ ሴት ተወልዶ በፓሪስ ተማረ፤ እዚያውም አስተማረ። በዘመኑ በሉዊዝያና ባሮች የፈላ የአገዳ ጭማቂ ከምንቸት ወደ ምንቸት እየጨለፉ በእሳት ይለበለቡ ነበር። ሪልዩ በ1843 ባስመዘገበው ፈጠራ ከመጀመሪያው ጋን የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን፤ የሁለተኛው ሦስተኛውን እንዲያሞቅ አደረገ። አንድ ኪሎ እንፋሎት አንድ ኪሎ ውኃ ማትነኑ ቀርቶ በሦስት ጋን ወደ ሦስት ኪሎ ገደማ አተነነ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የስኳር ፋብሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉ በዚህ ዘዴ ይሠራል።

ይህ ለእኛ ለምን ያስፈልጋል? ሒሳቡን እንመልከት። ከአንድ ሜትር ኩብ አተላ ውስጥ 900 ሊትሩን በአንድ ጋን ለማትነን 2,000 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። የዚያው አተላ ጋዝ በምድጃ ሲነድ የሚሰጠን 650 ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ጋን አይቻልም፤ በአራትና በአምስት ጋን ግን ይበቃል። ነገር ግን ጋዙ የሚነደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውኃውን ለማትነን ከዋለ አልኮሉን ለማውጣት አይውልም። ሁለቱንም በአንድ ጋዝ እናደርጋለን የሚል ሻጭ ቢመጣ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ያሳየን።

አሁን የራሳችንን ስሕተት እንናዘዝ። እዚህ በምንሠራበት ላቦራቶሪ አተላውን አትነን እንፋሎቱን ባቀዘቀዝን ጊዜ የወረደው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። ደስ አለንና ለአስተማሪያችን በብርጭቆ አሳየን። ውኃውን ወደ ሥራ እንመልሰው ብለን ሞላሰሱን በእርሱ በጠበጥነው፤ እርሾውንም ጨመርን። እርሾው ለወትሮው በማግስቱ ይፈላ የነበረው በሦስተኛው ቀን ስንኳ ገና ያንቀላፋ ነበር። ውኃውን ስንመረምረው የኾምጣጤ አሲድና ሌሎችም ከውኃ ጋር አብረው የሚተኑ አሲዶች ተገኙበት፤ እርሾውን ያደከሙት እነርሱ ናቸው። አስተማሪያችን የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጠራ እንጂ መች ነጻ» አሉ በራሳቸው ቋንቋ። እኛም ከዚያ ወዲህ በብርጭቆ የሚታይ ነገር አናምንም። ምናልባት አንድ ቀን በአገራችን አንድ ባለ ሥልጣን በጋዜጠኞች ፊት የጠራ ብርጭቆ ከፍ አድርጎ ያሳይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ «ምርመራው የታለ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከዚህ ስሕተት የተማርነው የቅደም ተከተሉን ጥቅም ነው። አተላው አስቀድሞ በጋዝ ጋን ቢያልፍ አብዛኛውን አሲድ ተሕዋስያኑ ይበሉታል፤ ከዚያ በኋላ ሲተን የሚወርደው ውኃ ከአሲዱ ይልቅ አሞንያ ይበዛዋል፤ እርሱም በሌላ ዘዴ ይወጣል። መጀመሪያ መብላት፤ ኋላ ማትነን።

ሦስተኛው ማጥለያው ነው። በ1959 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ሎብና ሱሪራጃን ጨው የሚከለክል፤ ውኃ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ሠሩ። በኃይለኛ ግፊት ውኃው በሽፋኑ ያልፋል፤ ጨዉና ቀለሙ ይቀራል። እንፋሎት ስለማይፈልግ ከማትነን ይልቅ ኃይል ይቆጥባል። ነገር ግን አተላው እርሾና ዝቃጭ እንደ ያዘ ከገባበት ሽፋኑ ቶሎ ይደፈናል። ስለዚህ ማጥለያው የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ ሊሆን አይችልም። ከ540 ሜትር ኩብ ግማሹን እንኳ ብንመልስ በቀን 270,000 ሊትር ውኃ ነው። ይህ ውኃ እንዲጠጣ አንልም፤ ለማቀዝቀዣና ሞላሰስ ለመበጥበጫ ይዋል። ይሁንና ፋብሪካው ያን ያህል ውኃ ከወንዝ መቅዳቱን ቢተው ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብ ለ13,500 ሰው የሚበቃ ውኃ በወንዙ ይቀራል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት በእኛ ዘመን ተረት ሆኖ ይቅር።

አራተኛውና የመጨረሻው ውድ ውድ ቅመሞችን ማውጣት ነው። ተማሪ ሁሉ የሚጓጓው በዚህ ነው፤ እኛም ጓጉተን ነበር። በአተላው ውስጥ እርሾው የሠራው ግሊሰሪን አለ፤ ሱክሲኒክ አሲድና ላክቲክ አሲድ አለ። በስኮትላንድ ከዊስኪ አተላ ቡታኖልና አሴቶን የሚያወጡ አሉ፤ ዘዴውም ካይም ቫይትስማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተጠቀመበት ነው። በፊንላንድም ከስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) አተላ ቤታይን የተባለውን የከብት መኖ ቅመም ያወጣሉ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እናስታውስ። ቤታይን በስኳር ቀይ ሥር እንጂ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ እምብዛም የለም፤ የፊንላንድን ፋብሪካ እንዳለ ወስደን መተሐራ ብንተክለው የሚያወጣው ነገር አያገኝም። ግሊሰሪንም ቢሆን ከዘይት ነዳጅ መሥራት ከተስፋፋ ወዲህ እንደ ተረፈ ምርት በገበያ ስለ ሞላ ዋጋው ወድቋል፤ ከጨውና ከጥቁረት ለይቶ ማውጣቱ ከሽያጩ ይበልጣል። ስለዚህ ለጊዜው ከአገዳ አተላ የሚገኙት እውነተኛ ቅመሞች ሜቴንና ፖታሽ ናቸው። ስማቸው አያምርም፤ ግን ሁልጊዜ ገዥ አላቸው። ሌሎቹን ለምርምር እንተዋቸው።

አሁን ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። የብራዚልን መንገድ ይዘን አተላውን በየእርሻው እናፍስሰው የሚል ሐሳብ ይቀርባል፤ ርካሽ ነውና። ነገር ግን መሬት ሁሉ አንድ አይደለም። በመተሐራ አጠገብ ያለው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ከ40 በላይ ሆኗል። ጨው በሚያስፈራው በዚያ ሜዳ ላይ ጨው ያለበትን አተላ ሳይለኩ ማጠጣት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ለዚያ ቦታ የሚሻለው ፖታሹን አጥልሎና አድርቆ ፖታሲየም ወደ ጎደለው ሌላ መሬት በከረጢት መላክ ነው። አፈሩ ከሚታጠብበትና ዝናብ ከሚበዛበት አገር ደግሞ በልክ ማጠጣቱ ሊበቃ ይችላል። ይህን የሚለየው የአፈር ምርመራ እንጂ የሌላ አገር ፎቶግራፍ አይደለም።

«ድኻ አገር መጀመሪያ ፋብሪካ ያቁም፤ ስለ ወንዝ ኋላ ያስባል» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሥራ ያጣ ወጣት አለና። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ጋዙ በቀን ሺህ በሺህ ሊትር ናፍጣ የሚተካ ከሆነ፤ ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ ስንገዛው የኖርነው ማዳበሪያም በቦዩ የሚፈስ ከሆነ፤ አባካኙ የትኛው ነው? ደግሞም ፋብሪካው ያልከፈለውን ወጪ ከታች ያለው ሰው በከብቱና በልጁ ጤና ይከፍለዋል። ወጪው አልቀረም፤ ከፋዩ ተለወጠ እንጂ።

ስለዚህ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እንለምናለን።

በመጀመሪያ፤ በአገር ቤት ያላችሁ ለኩ። ፋብሪካው በቀን ስንት ሜትር ኩብ ያወጣል? ስንት ፖታሲየም አለበት? ከወንዙ በላይና በታች ኦክሲጅኑ ስንት ነው? ይህ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ልኩም ይታተም።

ሁለተኛ፤ አተላውን ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር አትቀላቅሉ። ቀላቅሎ ማቅጠን ቁጥሩን ያሳምረዋል እንጂ ሸክሙን አንድ ግራም አይቀንሰውም፤ ኋላ ለማውጣትም ይብስ ያስቸግራል።

ሦስተኛ፤ በውጭ ያለን ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታችንን ርእስ ስንመርጥ አስተማሪያችን የሚወደውን ብቻ ሳይሆን ስንመለስ የሚጠብቀንን እናስብ። ያገኘነውንም በአማርኛ እንጻፈው፤ የጋኑ ጠባቂ ሊያነበው ይገባልና።

ያችን እናት ዳግመኛ አላገኘናቸውም። ዛሬ ቢጠይቁን ግን የምንመልሰው አለን። «እማማ፤ ይህ ውኃ ለከብት አይሆንም፤ ከብቶቹን ወደ ላይ ይውሰዷቸው። ነገር ግን ውኃውን ለከብት የሚሆን አድርጎ መመለስ ይቻላል፤ ዘዴውም ይታወቃል፤ ያልተሠራው ስላልተቻለ አይደለም» እንላቸዋለን። ከዚያ በኋላ «ታዲያ ለምን አልሠራችሁትም?» ብለው ቢጠይቁን፤ ይህኛውን ጥያቄ ግን ላቦራቶሪ አይመልሰውም። እርሱን የምንመልሰው ተመልሰን በምንሠራው ሥራ ነው።